እሳቱ የበላቸው ችካሎች

ባሌን ሰፈሩ ሁሉ "ችካል" ነው የሚለው። በእውነተኛ ስሙ የምንጠራው እኔና የመሥሪያ ቤቱ ጸሐፊ ብቻ ነን፤ እኔም የምጠራው ስናደድ ነው። በሳምንት አራቴ ያህል ማለት ነው።

ስሙ የወጣለት ከሥራው ነው። ከከተማችን በላይ ያለው ተራራ እሳተ ገሞራ ነው፤ እግሩ ሥር የመከታተያ ጣቢያ አለ፤ ባሌ እዚያ ለካኝ ሆኖ አስራ ዘጠኝ ዓመት ሠርቷል። የብረት ችካል ይተክላል፣ ሜትር ይዘረጋል፣ ቁጥር ይጽፋል፣ ማታ በዚያው ጫማው ሳሎኔ ውስጥ ይገባና ከኔ ጋር ይጨቃጨቃል። በቃ ይኼው ነው። ትልቅ ሰው አይደለም። ጋዜጣ ላይ ወጥቶ አያውቅም። አንድ ጊዜ ብቻ በጣቢያው የቀን መቁጠሪያ ላይ ፎቶው ታትሞ ነበር፤ እሱም ጀርባው ነው።

ታሪኩን የማወራው ሰው እንደየአፉ ስላበላሸው ነው። አንዱ "ችካል ባይኖር አልቀን ነበር" ይላል፤ ሌላው "ችካል ሊያስጨርሰን ነበር" ይላል። ሁለቱም ልክ ናቸው። እንዴት ሁለቱም ልክ ሊሆኑ እንደቻሉ የማውቀው ደግሞ እኔ ነኝ፤ ነገሩ የተፈጠረው እናቴ ምሳ ጠረጴዛ ላይ ነውና።

ተራራችን የሚፈነዳ ዓይነት አይደለም። ባለፈው ዓመት ከከተማው አስራ ስምንት ኪሎ ሜትር ርቆ፣ ወገቡ ላይ ተሰነጠቀና ቀይ ቅልጥ ዓለት፣ ላቫ የሚሉትን ማፍሰስ ጀመረ። የመጀመሪያ ቀን ሰው ሁሉ ጣሪያ ላይ ወጥቶ አየ። በሦስተኛው ቀን ሰለቸውና ወረደ። "አስራ ስምንት ኪሎ ሜትር! እዚህ ሳይደርስ ድንጋይ ሆኖ ይቀራል" ተባለ። እኔም ብያለሁ፤ ምን ልዋሽ።

ባሌ ብቻ ራሱን ይነቀንቃል። አንድ እሑድ እናቴ ቤት ሾርባ እየጠጣን "እናንተ፣ ይኼ ነገር ይመጣል" አለ።

"የት ነው የሚመጣው?" አለች እናቴ።

"እዚህ፣ እማማ። ላቫን የሚያስቆመው ርቀት አይደለም፤ ብርድ ነው። ላዩ ተገልጦ ሜዳ ለሜዳ ከሄደ ይበርድና ይቆማል። ይኼኛው ግን ቀጭን ነው፤ እንደ ዘይት ይፈሳል። ላዩ ሲበርድ ቅርፊት ያወጣል። ቅርፊቱ ክዳን ይሆንለታል። ከክዳኑ ሥር ያለው አይበርድም፤ እየፈሰሰ ራሱ ቱቦ ይሠራል። በቱቦው ውስጥ ሲመጣ በኪሎ ሜትር አንድ ዲግሪ ያህል ቢቀንስ ነው። ምንጩ እስካልደረቀ ድረስ ቱቦው ያደርሰዋል።"

"ሾርባዬን አበረድክብኝ" አለች እናቴ።

እናቴን ማወቅ አለባችሁ። አርባ ዓመት አዋላጅ ነበረች። የከተማው ግማሽ በእጇ ነው ዓለምን ያየው፤ ስለዚህ ማንንም አታከብርም። ከንቲባውን ሰው በተሰበሰበበት "አንተ በእግርህ የመጣኸው" ነው የምትለው። ሰውየው ስልሳ ሊሞላው ነው፤ ዛሬም እሷን ሲያይ መንገድ ይቀይራል። ባሌን ያዋለደችው እሷ አይደለችም፤ ሌላ ከተማ ነው የተወለደው። ይኼንን ይቅር ያለችው አይመስለኝም።

ላቫው በአምስት ወር መጣ። ቱቦውን ከላይ ማየት አይቻልም፤ የሚታየው ጥቁር ድንጋይ ብቻ ነው፣ ሰው ይራመድበታል። ግን ጫፉ ላይ፣ ከድንጋዩ ሥር፣ ቀዩ ሹልክ እያለ ይወጣና ይጠቁራል፤ ከሱ ሥር ደግሞ ሌላው ሹልክ ይላል። አንዳንድ ቀን ሃምሳ ሜትር፣ አንዳንድ ቀን ሁለት መቶ። እንደዚያ እያለ ከታችኛው ሰፈር በላይ ያለው ሜዳ ላይ ደርሶ ተዘረጋ። ስልሳ ሁለት ቤተሰብ እንዲወጣ ታዘዘ። ግማሹ ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ገባ፣ ግማሹ ዘመድ ጋ።

እናቴ አልወጣም አለች። ቤቷ ከሁሉም ቤት ለሜዳው የቀረበ ነው፤ ከመስኮቷ እስከ ጥቁሩ ድንጋይ ሦስት መቶ ሜትር ቢሆን ነው። ፖሊስ መጣ፤ ለካ እሷው ናት ያዋለደችው፤ አንገቱን ደፍቶ ተመለሰ። በመጨረሻ ባሌ "በየቀኑ ጠዋት እየመጣሁ ስንት ሜትር እንደቀረ እነግርዎታለሁ፤ ሁለት መቶ ሜትር ሲቀር ያለ ክርክር ይወጣሉ" ብሎ ተስማሙ። ብቻዋን እንዳትጨነቅም የጣቢያውን የሩቅ ማያ መነጽር አውሶ መስኮቷ ላይ አስቀመጠላት፤ እሳቱን እንድትከታተል።

አሁን ወደ ችካሎቹ እንምጣ። ስናገር ራሱ ደሜ ይፈላል።

የባሌ አለካክ እንዲህ ነበር፦ ከላቫው ፊት ለፊት፣ ገና ያልተነካ መሬት ላይ፣ ረጅም የብረት ችካል ይተክላል። በሱ ላይ ተመርኩዞ ሁለት ነገር ይለካል፤ አንድ፣ የላቫው ጫፍ፣ ግንባሩ የሚሉት፣ ምን ያህል እንደተጠጋ፤ ሁለት፣ የድንጋዩ ጀርባ ምን ያህል ከፍ እንዳለ። ላቫው ችካሉን ሲውጠው ወደ ኋላ ሸሽቶ ሌላ ይተክላል። በአምስት ወር ሃያ ሰባት ችካል ተበላ። እሳት አይደለም እንዴ? ይበላል።

ይኼ ግን ለንብረት ክፍሉ ሰውዬ አልተዋጠለትም። ዕቃ የሚያወጣውና የሚያስገባው እሱ ነው። ለእያንዳንዱ ችካል "የጠፋ ንብረት ማሳወቂያ ፎርም" አስሞላ። ፎርሙ "ንብረቱን የወሰደው አካል" ይላል፤ ባሌ "ላቫ" ብሎ ጻፈ። ተመለሰበት፦ "አካል ማለት ሰው ወይም ድርጅት ነው።" "ንብረቱን ለማስመለስ የተደረገ ጥረት" ለሚለው "አንድ ሺህ አንድ መቶ ዲግሪ ይሞቃል" ብሎ ጻፈ። ይኼም ተመለሰ። ሰውዬው በቀይ እስክሪብቶ "ባለፈው ዓመት ጓንት ፈርመህ ወስደሃል" የሚል ጨምሮበታል።

ኧረ እኔ ራሴ ነኝ ሰውዬውን ጓንቱን አስይዤ እሳቱ ውስጥ የምከተው! ባሌ ግን ጨዋ ነው፤ ሃያ ሰባቱንም ፎርም ሞላ፣ ኩሽና ጠረጴዛዬ ላይ፣ በሦስት ኮፒ። ሃያ ስምንተኛውን ችካል ሊያወጣ ሲሄድ ሰውዬው መሳቢያውን ቆለፈበት። "የቀደሙት ሳይወራረዱ አዲስ አይወጣም።"

ባሌ ዝም ብሎ ወጣ። ሲናደድ አይናገርም፤ ይኼ ነው ችግሩ። ቆርቆሮ ነጭ ቀለም ገዝቶ ወደ ሜዳው ወረደ፣ ችካል የማይበላበት ዘዴ ዘየደ። የግንባሩን ርቀት ከመንገዱ ዳር ካለው የሲሚንቶ ቦይ መለካት ጀመረ፤ ይኼ ምንም አይልም። ለከፍታው ግን ጥቁሩ ድንጋይ ላይ ወጣ፤ የጠነከረ ነው፣ ማንም አይበላበትም። መለኪያውን የሚያቆምበትን ቦታ በነጭ ቀለም ምልክት አደረገ፣ ከፍ ያለ እብጠት ላይ ሌላ ምልክት አደረገ፣ የሁለቱን ልዩነት በየቀኑ ማንበብ ያዘ። እኔን "ከእንግዲህ ፎርም የለም" ሲለኝ ፊቱ በርቶ ነበር። እኔም ጠረጴዛዬ ነጻ ስለወጣ ደስ አለኝ።

ከዚያ ላቫው ቆመ። አንድ ቀን ዜሮ፣ ሁለተኛው ቀን ዜሮ። ግንባሩ ወደ ቦይው አንዲት ስንዝር አልጠጋ አለ፤ ከፍታውም ያው። የጣቢያው ደንብ "ግንባሩም ከፍታውም አስር ቀን ሙሉ ዜሮ ከሆነ ፍሰቱ ቆሟል" ይላል። ባሌ በአስረኛው ቀን ወረቀቱን ፈረመ፤ አለቃው ማኅተም መታበት። ስልሳ ሁለቱ ቤተሰብ ሰኞ ጠዋት ወደ ቤቱ እንዲገባ ተፈቀደ። እሑድ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ደግሞ የመግቢያ ወረቀት በአዳራሹ ይታደላል ተባለ።

ያን እሑድ ምሳ እናቴ ጋ ነበርን። ባሌ ከዓመት ወዲህ እንደዚያ ሲበላ አላየሁትም። እናቴ ግን አኩርፋለች።

"ያቺ ሴትዮ ለይቶላታል" አለች።

"የቷ ሴትዮ?" አልኳት፤ እያወቅኩ።

ያቺ ሴትዮ ማለት እትዬ ፖስታ ናቸው። ሠላሳ ዓመት ፖስታ ቤት ሠርተው ጡረታ የወጡ የእናቴ ጎረቤት። ከሃያ ዓመት በፊት "ደብዳቤዬን ከፍታ አንብባለች" ብላ እናቴ ተቀየመቻቸው፤ ከዚያ ወዲህ ሁለቱ በሰው በኩል ካልሆነ አይነጋገሩም። ሰፈሩ ሲወጣ እትዬ ፖስታ ከሜዳው ማዶ፣ ዳገቱ ላይ እህታቸው ቤት ገብተዋል። እናቴ ተገላገልኩ ስትል ነበር።

"የልብስ ማስጫ ገመዷን ዝቅ አደረገችው" አለች።

"አንቺ ደግሞ ገመዷን በምን አየሽው?"

ዓይኗ ሳታስበው ወደ መስኮቱ ሄደ፤ መነጽሩ ላይ። እሳቱን እንድትከታተል የተሰጣት የመንግሥት መነጽር! ለካ ወር ሙሉ የእትዬ ፖስታን አጥበት ስትገመግም ነው የከረመችው።

"ምን ላድርግ፣ ዓይኔ ላይ እያሰጣችው!" ብላ ቱግ አለች። "ያለፈው ሳምንት ሰኞ አንሶላው ሙሉውን ይታየኝ ነበር፤ በደንብ ያልታጠበ። ረቡዕ ግማሹ። ዓርብ መቆንጠጫው ብቻ። ዛሬ ምንም! እንዳላይባት እልህ ይዟት በየቀኑ ገመዱን ዝቅ ታደርገዋለች። በዚህ ዕድሜዋ!"

እኔ በሳቅ ፈረስኩ። ባሌን ለማሳቅ ዞር ስል ማንኪያው አየር ላይ ቆሟል።

"እማማ፣ ከየት ሆነው ነው የሚያዩት?" አላት።

"ከዚያ ወንበር። ምነው?"

"ሁልጊዜ ከዚያው ወንበር?"

"ጉልበቴን እያመመኝ የት ልዙር ነው የምትለኝ?"

ተነስቶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፤ መነጽሩን ሳይነካ በባዶ ዓይኑ ብቻ አየ። ፊቱ አመድ መሰለ። ኮቱን እንኳ ሳያነሳ ወጥቶ ሄደ። እኔ በነጠላ ጫማ ከኋላው።

ሜዳውን ዞረን ዳገቱን ስንወጣ እትዬ ፖስታ ግቢያቸው ውስጥ ልብስ እያሰጡ ነበር። ገመዱ ሁለት የብረት ምሰሶ ላይ ነው የታሰረው፤ የምሰሶዎቹ እግር በሲሚንቶ ተቀብሯል።

"እትዬ፣ ይኼን ገመድ ዝቅ አድርገውት ያውቃሉ?" አለ ባሌ እያለከለከ።

"ምሰሶውን የእህቴ ባል ከተከለው አስራ አምስት ዓመቱ ነው። ገመዱም እንደታሰረ ነው። ምነው፣ አማትህ ምን አለች?" አሉ። እሳቸውም ቀላል ሰው አይደሉም።

ባሌ ዞሮ ወደ እናቴ ቤት አየ። የሚታየው የጣሪያው ጫፍ ብቻ ነው። መስኮቱ የለም። መሃል ላይ ጥቁሩ ድንጋይ ጀርባውን አንስቶ ተኝቷል። እመንገዱ ዳር ዘፍ ብሎ ተቀመጠና ራሱን ያዘ።

"ምን ሆንክ? ምን ሆነህ ነው? ተናገር እንጂ!" አልኩት፤ በእውነተኛ ስሙ ጠርቼ።

"ተነስተናል" አለ። "እኔም፣ መለኪያውም፣ ነጩ ምልክትም። ሁላችንም ድንጋዩ ላይ ስለሆንን አብረን ተነስተናል። ለዚህ ነው ዜሮ የሆነው።"

አልገባኝም። ኋላ ሲያስረዳኝ ነው የገባኝ። አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጦ አጠገብ ያለውን ተሳፋሪ እያዩ "አልተንቀሳቀስንም" እንደማለት ነው። ግንባሩ ቆሟል፤ ላቫው ግን አልቆመም። ከአስራ ስምንት ኪሎ ሜትር በቱቦ እየመጣ ቅርፊቱ ሥር እየገባ ነው። የግንባሩ ቅርፊት ስለጠነከረ መውጫ አጣ፤ መውጫ ሲያጣ ጣሪያውን ወደ ላይ ይገፋል። በአስራ አንድ ቀን ውስጥ አራት ሜትር ያህል ከፍ ብሏል። ባልተነካ መሬት ላይ አንዲት ችካል ብትኖር ኖሮ በሁለተኛው ቀን ትናገር ነበር።

"ታዲያ ምን ይሆናል?"

"አንድ ቦታ ይተረተራል። የት እንደሆነ አላውቅም፤ መቼ እንደሆነም አላውቅም። ነገ ጠዋት ደግሞ ስልሳ ሁለት ቤተሰብ ልጆቹን ይዞ ሥሩ ሊገባ ነው። በኔ ፊርማ።"

ልናገረው የማፍርበት ነገር ቢኖር የመጀመሪያ ሐሳቤ ልጆቹ አለመሆናቸው ነው፤ ባሌ ነው። ሰው ምን ይለዋል? አስራ ዘጠኝ ዓመት የለፋበት ሥራስ? "ለአለቃህ ቀስ ብለህ ንገረው፤ እሱ ያስተካክለው" አልኩት።

በመንገዳችን እናቴን "ድንጋዩ ነው የተነሳው፤ ሻንጣሽን ያዢ" ብያት ወደ አለቃው ሄድን፣ ነገረው። አለቃው ላቡን እየጠረገ "እሺ፣ እሺ፣ ነገ በጸጥታ እንደገና እንለካለን፤ ለሕዝቡ ለጊዜው መንገዱ ይጠገናል ምናምን እንበላቸው" አለ።

"መንገድ ይጠገናል ቢባሉ በእግራቸው ይገባሉ" አለ ባሌ። "እውነቱን ነው የምነግራቸው። አሁን።"

አዳራሹ ውስጥ ሠርግ የሆነ ይመስላል። ሰው ዕቃውን ጠቅልሏል፤ ፍራሽ ታስሯል፤ ባሌን ሲያዩት አጨበጨቡ። አንዱ ጭራሽ ሊሸከመው ፈለገ። ባሌ ወንበር ላይ ወጣ። ይኼ ሰው ልደት ላይ እንኳ ንግግር አድርጎ አያውቅም።

"ተሳስቻለሁ" አለ። "እሳቱ አልቆመም። እየተነሳ ነው። ነገ ማንም እንዳይገባ።"

ጉድ ፈላ። "ትቀልዳለህ?" "አስራ አንድ ቀን ዜሮ ዜሮ ስትል አልነበር?" "ታዲያ እስካሁን ምንድን ነው ስትለካ የነበረው?"

"ራሴን" አለ ባሌ።

ነጭ ምልክቶቹን አስረዳ፤ ችካል ለምን እንዳልተከለም ሲጠይቁት ተናገረ። የንብረት ክፍሉ ሰውዬ ከኋላ ተነስቶ "ፎርሙ በአግባቡ ቢሞላ ኖሮ..." ሲል አዳራሹ ሙሉ ወደሱ ዞረ። ሰውዬው ቀስ ብሎ ተቀመጠ። በኋላ ሳየው ወንበሩ ሥር ሊገባ ምንም አልቀረውም ነበር።

ችግሩ ግን ሰው አላመነውም። ሊያምን አልፈለገም። ወር ሙሉ ሲሚንቶ ላይ የተኛ ሰው ቤትህ አትገባም ሲባል ምን ይላል? "ትናንት ቆመ አልክ፣ ዛሬ ተነሳ ትላለህ፣ ነገ ደግሞ በረረ ትለናለህ!" አሉት። አንዱ ፍራሹን ተሸክሞ "እኔ በራሴ ኃላፊነት እገባለሁ፤ ያመነኝ ይከተለኝ" ብሎ ወደ በሩ አመራ። ሃያ የሚሆን ሰው ተከተለው። ባሌ ወንበሩ ላይ እንደቆመ "ኧረ እባካችሁ፣ ኧረ ስለ ልጆቻችሁ" ይላል፤ ማንም አልሰማውም። አንጀቴን በላው።

በሩ ተከፈተ። እናቴ ናት። በአንድ እጇ ዱላ፣ በአንድ እጇ ሻንጣ። ከቤቷ ስትወጣ በወሩ የመጀመሪያዋ ነው። ባለ ፍራሹ ፊት ለፊቷ ደንቀር ብሎ ቆመ።

"የት ነው?" አለችው።

"ቤቴ፣ እማማ።"

"ተመለስ።" ተመለሰ። ፍራሹን እንደተሸከመ።

አዳራሹ መሃል ድረስ ሄደች፤ ሰው መንገድ ለቀቀላት። እትዬ ፖስታ የፊተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጠዋል። እናቴ አየቻቸው፣ ጉሮሮዋን ጠረገች፣ እንደገና ጠረገች። እናቴን አውቃታለሁ፤ ያን ቀን ከሚወጣት ቃል ጥርሷን ብታስነቅል ትመርጥ ነበር።

"ያቺ ሴትዮ..." ብላ ጀመረች። ተወችው። "ጎረቤቴ ልብስ ስታሰጣ በመነጽር ሳያት ነበር" አለች። "በየቀኑ። ሰላይ በሉኝ። አንሶላዋ ሰኞ ሙሉ ይታየኝ ነበር፤ ዛሬ ምሰሶውም አይታየኝም። ገመዱ አልወረደም፤ ድንጋዩ ነው የተነሳው። እኔ አርባ ዓመት ሆድ ያየሁ ሰው ነኝ። አበጠ ካልኩ አበጠ። ምጥ ፋታ ቢሰጥ ልጁ ቀረ ብሎ ወደ ቤቱ የሚሄድ አዋላጅ አይታችሁ ታውቃላችሁ?"

እትዬ ፖስታ ተነሱ።

"እንደምታይኝ አውቅ ነበር" አሉ። በሃያ ዓመት ውስጥ በቀጥታ ሲያናግሯት የመጀመሪያቸው ነው። "ለዚህ አይደል ጥሩ ጥሩውን አንሶላ ከፊት የማሰጣው?"

"ያ ነው ጥሩው?" አለች እናቴ።

አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። ሳቁ ሲበርድ ፍራሽ የመፍታት ድምፅ ተሰማ፤ አንዱ ፈታ፣ ሌላው ፈታ። ማንም የመግቢያ ወረቀት አልወሰደም። ባሌ ከወንበሩ ወርዶ እኔ ላይ ተደገፈ። ክብደቱን ያን ቀን ነው ያወቅኩት።

በማግስቱ ማለዳ የንብረት ክፍሉ ሰውዬ ሠላሳ ችካል በጋሪ ጭኖ ሜዳው ላይ መጣ። አንድ ፎርም ብቻ ይዟል፤ ለሁሉም አንድ። ባሌ ፈረመለት፣ ሁለቱም ሳይተያዩ ሲተክሉ ዋሉ። በሁለተኛው ቀን ከፍታው ሃያ ሁለት ሳንቲሜትር ጨመረ። በሦስተኛው ቀን ድንጋዩ ጀርባ ላይ ረጅም ስንጥቅ ወጣ። በአራተኛው ቀን ሐሙስ፣ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ፣ የግንባሩ እግር ተተረተረ።

ድምፅ አልነበረውም፤ ያስደነገጠኝ እሱ ነው። ቀዩ ከድንጋዩ ሥር ወጣ፣ ተዘረጋ፣ ላዩ ጠቁሮ እንደ ተኮማተረ ጨርቅ ተሸበሸበ፣ በጎኑ ተሰንጥቆ እንደገና ወጣ። ሽማግሌ ሰው ይቀድመዋል። ግን አይደክመውም። ቦይውን ሞላው፣ መንገዱን ተሻገረ። ሁላችንም ከላይኛው መንገድ ላይ ቆመን እናያለን፤ ስልሳ ሁለቱም ቤተሰብ። በታችኛው ሰፈር አንዲት ነፍስ የለችም፤ ድመት ሳትቀር ወጥታለች። ያን ቀን ዘጠኝ ቤት ሄደ። የመጀመሪያው የእናቴ ነው።

እናቴ እንባ አላወጣችም። ዱላዋን ተመርኩዛ፣ እሳቱ የጓሮዋን አጥር ሲበላ፣ ግድግዳውን ሲደገፍ፣ መስኮቱ ውስጥ ሲገባ ታያለች። ልትወድቅ ነው ብዬ ከጎኗ አልራቅኩም። ድንገት ስቅስቅ የሚል ሰማሁ፤ ከኋላዬ። ባሌ ነው። የመለኪያ ደብተሩን ደረቱ ላይ ይዞ እንደ ሕፃን ያለቅሳል።

እናቴ ዞረች። "አንተ ምን ያስለቅስሃል? ቤቱ የኔ!"

"ጥፋቱ የኔ ነው፣ እማማ። አስራ አንድ ቀን ሙሉ..."

"ዝም በል። አሁን ስንት ሰዓት ነው?"

ሰዓቱን አየ። "ሰባት ሰዓት።"

"ሰባት ሰዓት ላይ እኔ የት ነው የምገኘው?"

"ኩሽና" አለ ባሌ።

እናቴ በአገጯ አመለከተችው። የኩሽናዋ ጣሪያ እዚያው እያየን ወደ ውስጥ ገባ፤ ጭስና ብልጭታ ወጣ። "ያውልህ ኩሽናዬ" አለች። "እኔ ደግሞ ይኸው እዚህ ቆሜ አየዋለሁ። ታዲያ ቆሜ እያየሁት ምን ያስለቅስሃል?"

ይኼን ብላ ሳትጨርስ ራሷ ድምፅ አውጥታ ማልቀስ ጀመረች። ባሌ ደብተሩን ጥሎ አቀፋት፤ እሷም አልገፋችውም። እኔ የያዝኩት አንድ መሃረብ ነው፤ ለሁለቱም አልበቃ አለ፤ የራሴን እንባ በቀሚሴ እጅጌ ጠረግሁ።